የወንፈል ሂሳብ እንደ ሽያጭ አይቆጠርብን፦ ለምንገብርበት ቅርንጫፍ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምንገብርበት የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ መመሪያ ለሚያወጡና የኢንቨስትመንት ፈቃድ ለሚሰጡ የበላይ መሥሪያ ቤቶች
ባሕር ዳር

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሰላምታችን ይድረስዎት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከውጭ ሸሪክ ጋር በሚሠሩ ሰባት አነስተኛ ድርጅቶች ስም ነው። የአራቱን ሂሳብ የምሠራው እኔ ነኝ። የቀሩት የሦስቱ ሂሳብ ሠራተኞች ረቂቁን አንብበው ተስማምተዋል። ከዚህ በፊት በየግላችን ደብዳቤ አስገብተናል። በአካልም ቀርበናል፣ ወረፋ ይዘን ጠብቀናል። መልስ ስላጣን ነው ዛሬ በአደባባይ የምንጽፈው።

ጉዳዩ የወጪ መጋራት ውል ነው። ከ2014 እስከ 2017 ያለውን ሂሳባችንን ኦዲት ያደረጉት ባልደረቦችዎ ለውጭ ሸሪኮቻችን የላክነውን የወጪ ድርሻ በሙሉ ውድቅ አደረጉት። ይህ ወጪ አይደለም ተባልን። በዚያው ሪፖርት ሁለት ገጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ያው ክፍያ የማኔጅመንት አገልግሎት ክፍያ ተብሏል። ስለዚህ 15 በመቶ ግብር ቀንሳችሁ ማስቀረት ነበረባችሁ ተባልን። ቀጥሎም ከውጭ የተገዛ አገልግሎት ነው ተብሎ ሪቨርስ ቫት በሚባለው፣ ገዢው በውጭው ሻጭ ፈንታ ቫት በሚከፍልበት መንገድ ሌላ 15 በመቶ ተጨመረበት። መቀጫና ወለድ በላዩ ላይ አለ።

የወጣው ገንዘብ አንድ ነው። ትርፋችን ሲሰላ አልወጣም ተባለ። ተቀናሽ ግብር ሲሰላ ወጥቷል ተባለ። ከሁሉ በላይ ያስመረረን ይህ ነው።

አገራችን ውስጥ ወጪ መጋራት ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ውላችንን መስኮት ላይ ስናቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅነውም ስለዚሁ ነበር። የጠየቀችንን ሠራተኛ አንወቅሳትም። ስለዚህ ዓይነቱ ውል ሥልጠና የሰጣት የለም። ስለዚህ ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልጀምር።

እኔ የይልማና ዴንሳ ገበሬ ልጅ ነኝ። በወንፈል ያደግሁ ነኝ። ዛሬ ጎረቤት የአባቴን ጤፍ ያርማል፣ ነገ አባቴ የጎረቤቱን። ሰፊ ማሳ ያሳረመ ሰው ብዙ ቀን ይመልሳል፣ ጠባብ ያለው ጥቂት ቀን። የታመመ እንደሆነ ልጁን ይልካል ወይም ከፍሎ ሰው ይተካል። ጎረቤቴ ማሳዬ ላይ ስለዋለ ጉልበቱን ሸጠልኝ የሚል ሰው አላየሁም። እዚያ ውስጥ ደመወዝ የለም፣ ትርፍም የለም። እያንዳንዱ የሚያወጣው ድርሻውን ነው።

የወጪ መጋራት ውልም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ድርጅቶች ሁሉም የሚጠቀሙበትን ነገር ለየብቻ ከመግዛት በጋራ ይገዛሉ። የላቦራቶሪ ምርመራ ሊሆን ይችላል፣ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የሚከፍለው ያገኛል ተብሎ በሚጠበቀው ጥቅም ልክ ነው። ከድርሻው በላይ የከፈለ ካለ በዓመቱ መጨረሻ ልዩነቱ ይመለስለታል። በመሃል የሚገባ አዲስ ሸሪክ እስከዚያ ለተሠራው ይከፍላል። የሚወጣም ድርሻው ተሰልቶ ይሰጠዋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ስለ ትራንስፈር ፕራይሲንግ፣ ማለትም ግንኙነት ያላቸው ድርጅቶች እርስ በርስ ስለሚገበያዩበት ዋጋ፣ ያወጣው መመሪያ 8ኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ስለዚህ ነው።

ለአገራችን ሕግም እንግዳ ነገር አይደለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 79 ግንኙነት ያላቸው ሰዎች የሚገበያዩበት ዋጋ የማይተዋወቁ ሁለት ነጋዴዎች ቢሆኑ ከሚስማሙበት ዋጋ እንዳይርቅ ይቆጣጠራል። በዚሁ ጉዳይ ላይ መመሪያ ቁጥር 43/2008ም ወጥቷል። እኛ የምንለው በዚህ ሚዛን መዝኑን ነው። ድርሻችን ከጥቅማችን ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም? ከአራት ዓመት ሂሳብ ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀን አንድም ኦዲተር የለም።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልግባ።

ከሰባታችን አንዱ በቆጋ መስኖ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች አቮካዶ ሰብስቦ፣ አጥቦና አሽጎ ወደ አውሮፓ ይልካል። ሸሪኩ ኔዘርላንድ ነው ያለው። ሸሪኩ ከኬንያም ፍሬ ይቀበላል። የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ግሎባል ጋፕ የሚባለውን የመልካም እርሻ አሠራር ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራም አለ፣ ያለ እሱ ዕቃው አይገባም። ላቦራቶሪው ለሁሉም ፍሬ አንድ ደረሰኝ ቆርጦ ለሸሪኩ ይልካል። እሱ ይከፍልና ድርሻችንን ይጠይቀናል። በአንድ ዓመት ሂሳቡ በጠቅላላው 30 ሺህ ዩሮ ሆነ። ከተመረመረው ፍሬ 60 በመቶው ከእኛ የሄደ ስለነበር ድርሻችን 18 ሺህ ዩሮ ነበር። ሸሪኩ በላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የላቦራቶሪው ደረሰኝ፣ የእሱ የክፍያ ማስረጃና የኪሎው ስሌት ተያይዘው ቀርበዋል።

ውሳኔው ሲመጣ እንዲህ ነበር። ወጪው ውድቅ ስለሆነ በ30 በመቶ የትርፍ ግብር 5,400 ዩሮ። ተቀንሶ መቅረት ነበረበት ተብሎ 2,700። ለቫት ሌላ 2,700። ድምሩ 10,800 ዩሮ ነው፣ ከመቀጫና ከወለድ በፊት። ለአቮካዶ ምርመራ ካወጣነው ከእያንዳንዱ 100 ዩሮ 60ውን እንደገና ክፈሉ ማለት ነው። ላኪ ስለሆናችሁ ቫቱ ይመለስላችኋል ተባልን። ይመለስ ይሆናል። እስኪመለስ ድረስ ግን የሚታሰረው የገበሬ ፍሬ የምንገዛበት ብር ነው።

ምክንያቱን ስንጠይቅ ደረሰኙ በእናንተ ስም አይደለም አሉን። እውነት ነው፣ አይደለም። በጋራ የተገዛ ነገር ደረሰኙ የሚቆረጠው በአንዱ ስም ነው። ውል የተጻፈውም ለዚህ ነው። የማኔጅመንት ክፍያ የሚለውስ ከየት መጣ? ማኔጅመንት ማስተዳደር ነው። አቮካዶ ውስጥ የቀረ ኬሚካል መለካት ማስተዳደር ሊሆን አይችልም። የቴክኒክ አገልግሎት ነው ቢባል እንኳ አገልግሎቱን የሰጠው ላቦራቶሪው ነው፣ ሸሪካችን አይደለም። ደግሞስ እውነተኛ አገልግሎት ተገዝቷል ካላችሁ ገቢ ለማግኘት የወጣ ወጪ መሆኑን አመናችሁ ማለት አይደለም ወይ?

በዚሁ ጉዳይ ላይ ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከኔዘርላንድ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት አላት። ስምምነትና አዋጅ ሲጋጩ ስምምነቱ እንደሚጸና አዋጅ 979 ራሱ ይናገራል። የማይገባው ሰው እንዳይጠቀምበትም ገደብ አስቀምጧል። በኦዲት ሪፖርቱ ውስጥ ግን የስምምነቱ ስም እንኳ አልተጠቀሰም። ስምምነቱ የግድ ነጻ ያወጣናል አላልንም። ይታይና ይወሰን ነው ያልነው።

ሁለተኛው በሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ነው። ወንድምና እህት ናቸው። እሱ እዚህ ሎጁን ያስተዳድራል፣ እሷ አሜሪካ ውስጥ የጉብኝት ድርጅት አላት። የቦታ ማስያዣ ሲስተሙንና ማስታወቂያውን በጋራ ነው የሚከፍሉት፣ እኩል በእኩል። ሁለቱም የሚያገለግሉት አንድ እንግዳ ስለሆነ። በ2016 የሎጁ ድርሻ 12 ሺህ ዶላር ነበር። ሰኔ ላይ ለመክፈል ባንክ ሄድን። ዶላር የለም፣ ወረፋ ያዙ ተባልን። ያን ጊዜ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 684 ሺህ ብር ብለን መዘገብን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ መጣ። ኅዳር 2017 ወረፋው ሲደርሰን ዶላር ወደ 120 ብር ገብቷል። የከፈልነው 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ብር ነው።

ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ለሎጁ የመጀመሪያው 684 ሺህ ብር ተፈቀደ። ይህን እናመሰግናለን ማለት ግን ከብዶኛል። የአቮካዶውንም የሎጁንም ውል ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ዋና ዋናዎቹ አንቀጾች ቃል በቃል አንድ ናቸው። አንዱ ተፈቀደ፣ አንዱ ተከለከለ። ለልዩነቱ የተጻፈ ምክንያት የለም።

የቀረው 756 ሺህ ብር የምንዛሪ ልዩነት ግን አልተፈቀደም። የምንዛሪ ኪሳራ የሚቀናነሰው ከምንዛሪ ትርፍ ጋር ብቻ ነው አሉን። የዶላር ገቢ ያለው ሰው ትርፉን ጠብቆ ያቀናንስ። ይህ ሎጅ ግን በአካባቢያችን ባለው የጸጥታ ችግር የውጭ እንግዳ ካጣ ቆይቷል። የምንዛሪ ትርፍ ከየት ያመጣል? ከኪሱ በወጣ ብር ላይ 226,800 ብር የትርፍ ግብር ተጠየቀ። ሕጉ እንዲህ ከሆነ ሕግ አውጪው ይየው። ያዘገየን የባንክ ወረፋ መሆኑ ግን በማስረጃ ቀርቦ ነበር። ቢያንስ መቀጫው ሊነሳልን ይገባ ነበር።

እዚሁ ላይ የማስረጃውን ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የለንም። እህት ለኢትዮጵያ የተከፈለውን በአሜሪካ ግብሯ ላይ እንዲታሰብላት መጠየቅ የምትችለው የተከፈለበት ማስረጃ ሲኖራት ነው። ተቀናሹን ከፍለን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃ ጠየቅን። ሰባት ወር ፈጀ። የመጣው በአማርኛ ነበር። አስተርጉመን፣ አረጋግጠን እስክንልክ የእሷ የማሳወቂያ ጊዜ አለፈ። የአንድ ገጽ ወረቀት ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። እህትየዋ በዚያ ሰሞን ስልክ ደውላ "ግብሩን መክፈሌ አይደለም ያናደደኝ፣ መክፈሌን የሚነግርልኝ ሰው ማጣቴ ነው" አለችኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሦስተኞቹ ልጆች ናቸው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሶፍትዌር የሚሠሩ። ጀርመን ካለ ድርጅት ጋር ሰርቨር ይጋራሉ። ሂሳቡ በየወሩ በኢሜይል ይመጣል። ማህተም የለውም ተብሎ ውድቅ ሆነ። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ማህተም ኖሮት አያውቅም። ነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እነዚህ ልጆች ሥራቸውን ላለማቋረጥ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሰዋል። ያን ሁሉ ችለው ማህተም አሸነፋቸው።

ለአንዱ አባላችን ደግሞ ውሉ የእሽሙር ማኅበር ነው፣ ሌላ የግብር ከፋይ ቁጥር አውጡ ተባለ። የእሽሙር ማኅበር አትራፊ ሥራ በጋራ ሠርቶ ትርፍና ኪሳራ ለመካፈል የሚቋቋም ነው። በእኛ ውል ውስጥ የሚካፈሉት ትርፍ የለም። ያለው ወጪ ብቻ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሳንደብቅ የምንናገረው አለ። ይህን ዓይነቱን ውል መደበቂያ የሚያደርጉት አሉ። ትርፋቸው እዚህ እንዳይታይ ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ አድርገው ዶላር ያሸሻሉ። ባልደረቦችዎ በጥርጣሬ የሚያዩን ከዚህ የተነሳ እንደሆነ እንረዳለን። ጥርጣሬው ትክክል ነው። የሚሸሸው ዶላር የመድኃኒትና የማዳበሪያ ዶላር ነው። ከሰባታችን ማንም ከዚህ ዓይነቱ ሰው ጋር አብሮ መቆም አይፈልግም። ነገር ግን አጭበርባሪውን ከእውነተኛው የሚለየው ምርመራ ነው። ድርሻው በምን ተሰላ? ጥቅሙ የት አለ? ዋናው ደረሰኝ የማን ነው? ሸሪኩ ትርፍ ጨምሯል ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የጠየቀ ኦዲተር በአንድ ቀን እውነቱን ያገኘዋል። ሁሉንም በጅምላ መከልከል አጭበርባሪውን አይጎዳውም። እሱ ሌላ መንገድ አያጣም። የሚጎዳው ወረቀቱን አሟልቶ የመጣው ነው።

የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲመጣ ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ይዞ እንዲገባ ይጠይቃል። ከአገር ውስጥ ሰው ጋር ሲጣመር 150 ሺህ ይበቃዋል። መንግሥት ተጣመሩ እያለ ነው ማለት ነው። የተጣመረ ሰው ደግሞ ወጪ ይጋራል። አንዱ መሥሪያ ቤት ተጣመሩ ሲል ሌላው በመጣመራችን ከቀጣን የውጭው ሰው ማንን ይመን? የኔዘርላንዱ ሸሪክ ባለፈው ዓመት የምርመራውን ሥራ ጠቅልሎ በኬንያ በኩል ለማድረግ ወስኗል። ከቆጋ የሚወስደው ፍሬም ቀንሷል። በማሸጊያው ቤት ይሠሩ ከነበሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት አሁን የሉም። እያንዳንዷን በስም አውቃታለሁ። ደመወዛቸውን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ይግባኝ በሉ ይባላል። ብለናል። ውሳኔው በደረሰን በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አስገባን። ከሎጁ በቀር የሁላችንም እንደነበረ ጸና። ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ከተከራከርንበት ግብር ግማሹን አስቀድመን መክፈል አለብን። የሶፍትዌሩ ልጆች ይህን ገንዘብ ከየትም አያመጡትም። ስለዚህ ክርክራቸው ሳይሰማ ቀርቷል።

በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። የእኛ ክርክር ያለባቸው ዓመታት ግን በቀድሞው የሚዳኙ ናቸው። ማሻሻያው ወጥቷልና ጠብቁ የሚለው መልስ የእኛን ጉዳይ አይመለከትም።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት የሰባቱም ድርጅቶች ውሳኔ እንደገና ይታይ። ክፍያው ወጪ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በአንድ ስም ይወሰን። የተወሰነውም ለትርፍ ግብሩም ለተቀናሹም ለቫቱም እኩል ይሥራ። የኔዘርላንዱ ስምምነት ተገልጦ ይነበብ። ውጤቱ ባይጠቅመንም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።

ይህ እስኪሆን ድረስ የባንክ ሂሳባችን እንዳይታገድ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብን የሚያረጋግጠው ወረቀት (ክሊራንስ) እንዳይከለከል እንጠይቃለን። ክሊራንስ ሲቀር ባንክ ምንዛሪ አይፈቅድም፣ ንግድ ፈቃድም አይታደስም።

የወጪ መጋራት ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ምን ሰነድ ማቅረብ እንዳለበት በአንድ ገጽ ተጽፎ በቅርንጫፉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በኢሜይል የሚመጣ ደረሰኝ ማህተም ባይኖረውም ከባንክ ማስተላለፊያው ጋር ተመሳክሮ ተቀባይነት ያግኝ።

ተቀናሽ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ በእንግሊዝኛ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጥ። ቅጹን አዘጋጅተን ማምጣት እንችላለን። ከእናንተ የሚጠበቀው ማመሳከርና መፈረም ነው።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የገንዘብ ሚኒስቴር ለሕዝብ ትርጓሜ እንዲሰጥ፣ ግብር ከፋይም አስቀድሞ ጠይቆ በጽሑፍ እንዲመለስለት ይፈቅዳል። ቅርንጫፉ በራሱ መወሰን የማይችለውን ጥያቄያችንን ከአስተያየቱ ጋር ወደ በላይ ይላክልን። ግልባጭ የተደረገላችሁ የበላይ አካላትም በወጪ መጋራት ውል ላይ ለሁሉም የሚሠራ ትርጓሜ አውጡ። ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ይጠቅማል።

በመጨረሻም አንድ የግማሽ ቀን ስብሰባ እንጠይቃለን። ኦዲት ያደረጉን ባልደረቦችዎ ባሉበት ይሁን። የሰባቱንም ድርጅቶች ፋይል፣ ዋና ዋና ደረሰኞችንና የአከፋፈል ስሌቱን ይዘን እንመጣለን። ቀኑን እርስዎ ይምረጡ።

ከአክብሮት ጋር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከውጭ ሸሪክ ጋር የሚሠሩ ሰባት ድርጅቶች ተወካይና የሂሳብ ባለሙያ
ባሕር ዳር፣ 2018 ዓ.ም.